ሮዛሺያ ላለበት ፊት ሮለርና ጓ ሻ ይሆናል?

የአንዲት አንባቢ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ 34 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ጉንጬና አፍንጫዬ አካባቢ ሙቀት ይሰማኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ብጉር የሚመስሉ ትንንሽ ነገሮችም ይወጡብኛል። ሮዛሺያ የሚባል የቆዳ በሽታ ነው ተብያለሁ። ሲብስብኝ ከፋርማሲ የገዛሁትን ቤታሜታዞን የሚባል ቅባት እቀባና ይሻለኛል። በቅርቡ ደግሞ ፊት ላይ እየተሽከረከረ የሚያሽ የድንጋይ ሮለርና ጓ ሻ የሚባል ጠፍጣፋ መፋቂያ ድንጋይ ገዛሁ። የደም ዝውውር ስለሚያስተካክል ሮዛሺያን ያጠፋል፣ ፊት ከቀላ እየሠራ ነው ማለት ነው ሲሉ ቲክቶክ ላይ ሰምቼ ነው። እኔን ግን ካሸሁ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ይለበልበኛል። ጫና ጨምሬ ልቀጥል? ፍሪዘር ውስጥ አድርጌ ብጠቀምስ? እህቴም በዚያው ዕቃ ትጠቀማለች፣ ይተላለፍባታል?»

አትቀጥዪ። ጫና መጨመሩንማ ጭራሽ ከሐሳብሽ አውጪው። ካሸሽ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ የሚለበልብሽ ከሆነ ቆዳሽ በቃኝ እያለ ነው። ሮለርም ሆነ ጓ ሻ ሮዛሺያን አያድንም፣ ያድናል የሚያሰኝ አስተማማኝ ጥናትም የለም። ቆዳሽ ከረጋ በኋላ አንዱን በጥንቃቄ መጠቀም ይቻል ይሆናል፣ እሱን ወደታች እመለስበታለሁ። ያንቺ ትልቁ ችግር ግን ድንጋዩ አይመስለኝም። ቤታሜታዞኑ ነው።

መጀመሪያ «የደም ዝውውር ያስተካክላል» የሚለውን እንመልከት፣ ምክንያቱም ስህተቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። ሮዛሺያ የደም ዝውውር በማነሱ የሚመጣ በሽታ አይደለም። በፊት መሀል፣ ማለትም በጉንጭ፣ በአፍንጫ፣ በግንባርና በአገጭ ያሉት ቀጫጭን የደም ስሮች በትንሽ በትልቁ ይከፈታሉ፣ ከተከፈቱ ደግሞ ቶሎ አይመለሱም። በዚያ ላይ የቆዳው የራሱ መከላከያ ከልክ በላይ ይቆጣል። ካቴሊሲዲን የሚባል ጀርም የሚከላከል ፕሮቲን በብዛትም በተዛባ መልክም ስለሚመረት ቆዳው ያለ በቂ ምክንያት ይቆጣል፣ ያብጣል። ዴሞዴክስ የምትባል በዓይን የማትታይ ተባይም አለች። በአብዛኞቻችን ፊት ላይ ትኖራለች፣ በሮዛሺያ ቆዳ ላይ ግን በዝታ ትገኛለች። የቆዳው የላይኛው ሽፋንም ደካማ ስለሚሆን ውስጡ ያለው እርጥበት ቶሎ ያመልጣል፣ ለሌላ ሰው ምንም የማይለው ክሬም ያቃጥላል። እንዲህ ባለ ቆዳ ላይ በየማታው ድንጋይ ማመላለስ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ነርቩም አለበት። ሚጥሚጣ ስትበዪ ፊትሽ የሚግለው ለምን ይመስልሻል? በነርቭ ጫፎቻችን ላይ ሙቀትን የሚለይ መቀበያ አለ፣ ያው መቀበያ የበርበሬን ማቃጠልም ይለያል። ይህን ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ ነው። እ.ኤ.አ በ2021 ደግሞ ግፊትና ንክኪ በነርቭ ላይ እንዴት እንደሚታወቅ ካገኘው ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። በሮዛሺያ ቆዳ ላይ ይህ የሙቀት መቀበያ ከልኩ በላይ ንቁ ነው። ስለዚህ ትኩስ ቡና፣ ቃሪያ፣ አረቄ፣ የምጣድ ወላፈን፣ ፀሐይ፣ ንዴት፣ የፎጣ ፍትጊያ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ያደርሳሉ፦ የደም ስሩ ይከፈታል፣ ፊቱ ይግላል። ማሸትም ያው ነው። እ.ኤ.አ በ2018 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት ጉንጭን ለ5 ደቂቃ በሮለር ማሸት በታሸው ጉንጭ ላይ የደም ፍሰቱን ከፍ እንደሚያደርግ፣ ከፍ ብሎም ቢያንስ 10 ደቂቃ እንደሚቆይ አሳይቷል። ጥናቱ የተሠራው በጤነኛ ሰዎች ላይ ነው። ለጤነኛ ቆዳ ይህ ምናልባት ደስ የሚል ወዝ ይሰጥ ይሆናል። ላንቺ ግን በሽታው የሚጀምርበትን ነገር በእጅሽ መቀስቀስ ነው።

«ሲቀላ እየሠራ ነው» የሚለው ሌላም ጉዳት አለው። ይህ አባባል የተሠራው ለነጭ ቆዳ ነው። በኛ የቆዳ ቀለም ላይ መቅላቱ ብዙ ጊዜ ደማቅ ሆኖ አይታይም። ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ መሳይ ይሆናል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይለይም። ሮዛሺያ በጥቁር ሕዝቦች ላይ የለም እየተባለ ብዙ ሰው ሳይታከም የሚቀረውም በዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ «እስኪቀላ አሻለሁ» ካልሽ መቆም የነበረብሽን ቦታ አልፈሽ ነው የምታውቂው። ያንቺ መለኪያ ስሜት ይሁን፦ ሙቀት፣ መለብለብ፣ መወጠር፣ ማሳከክ። የእጅሽን ጀርባ ጉንጭሽ ላይ፣ ከዚያ አንገትሽ ላይ አድርጊና አወዳድሪ። ጉንጭሽ ለይቶ የሚግል ከሆነ በዚያን ቀን ምንም መሣሪያ አይነካውም። ደግሞ በኛ ቆዳ ላይ የተቆጣ ቦታ ሲድን ብዙ ጊዜ ጥቁር ምልክት ጥሎ ይሄዳል። ተደጋጋሚ ፍትጊያ ብቻውን እንኳ ያጠቁራል። ሮዛሺያው በሳምንታት ሊረጋ ይችላል፣ ጥቁሩ ምልክት ግን ወራት ይፈጃል።

አሁን ወደ ቤታሜታዞኑ። እባክሽ ይህን ክፍል ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ቤታሜታዞን ጠንካራ ከሚባሉት የስቴሮይድ (የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) ቅባቶች አንዱ ነው፣ ክሎቤታዞል ደግሞ ከሱም ይበረታል። ስትቀቢው የደም ስሮቹ ይጠባሉ፣ ቁጣው ይበርዳል፣ በማግስቱ ፊትሽ ጥርት ይላል። ለዚህ ነው ሰው የሚወደው። ፊት ላይ ለሳምንታትና ለወራት ሲደጋገም ግን ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ስሮቹ ጎልተው ይወጣሉ፣ ከዚያ ብጉር የሚመስሉ ሽፍታዎች ይፈሳሉ። ይህ በራሱ የታወቀ በሽታ ነው፣ በስቴሮይድ የመጣ ሮዛሺያ ይባላል። ስታቆሚው ይብስብሻል፣ ስለዚህ ተመልሰሽ ትቀቢያለሽ፣ ይሻልሻል፣ እንደገና ታቆሚያለሽ፣ እንደገና ይብሳል። «ሲብስብኝ እቀባና ይሻለኛል» ያልሽው ይህን አዙሪት ይመስላል። ምናልባት መጀመሪያ የነበረብሽ ቀላል ነገር ሆኖ አሁን ያለብሽን ያመጣው ቅባቱ ሊሆን ይችላል። ማቅያ ተብለው የሚሸጡ፣ በትንሽ ዕቃ ተቀላቅለው ያለ ስም የሚመጡ ክሬሞችም ብዙ ጊዜ ውስጣቸው ስቴሮይድ አለ። እንደዚህ ዓይነትም ተጠቅመሽ ከሆነ ለሐኪምሽ ሳትደብቂ ንገሪ። ማንም አይፈርድብሽም፣ ሳይነገረው የሚያክም ሐኪም ግን የተሳሳተ መድኃኒት ሊያዝልሽ ይችላል።

ቅባቱን ማቆም አለብሽ፣ ግን ብቻሽን ሆነሽ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ተጠቅመሽ ከሆነ ካቆምሽ ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥ ፊትሽ በኃይል ሊነሳ ይችላል። ሐኪሙ ምናልባት ደረጃ በደረጃ ይቀንስልሻል፣ ምናልባት በአንዴ አስቁሞ በመካከሉ የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት ይሰጥሻል። ይህን ጊዜ ብዙ ሰው ሳይችለው ቀርቶ ወደ ቱቦው ይመለሳል። ከፊትሽ ምን እንደሚመጣ ቀድመሽ ካወቅሽ ትችይዋለሽ። እና በዚህ ወቅት፣ በሳሳና በተቆጣ ቆዳ ላይ ሮለርም ጓ ሻም የሚባል ነገር የለም።

ሌላው፣ «ተብያለሁ» ብለሻል፣ ማን እንዳለሽ ግን አልጻፍሽም። ያየሽ የቆዳ ሐኪም ካልሆነ መታየት ይኖርብሻል። ብጉር ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥቋቁርና ነጫጭ ፍሬዎች አሉት፣ ሮዛሺያ የለውም። ማዲያት ያጠቁራል እንጂ አያቃጥልም፣ ሁለቱ ግን አንድ ፊት ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ፎሮፎር መሳይ ቅባታም ቅርፊት በቅንድብና በአፍንጫ ጎን ካለ ሌላ በሽታ ነው። በጉንጭና በአፍንጫ ላይ የተዘረጋ ሽፍታ ከመገጣጠሚያ ሕመም፣ ከድካም፣ ከአፍ ቁስል ጋር ከመጣ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ) መሆን አለመሆኑን በደም ምርመራ ማየት ያስፈልጋል። እነዚህን በፎቶ መለየት አይቻልም፣ እኔም አልሞክርም። አዲስ አበባ ስላለሽ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል አለው፣ ሌሎች ሆስፒታሎችና የግል ክሊኒኮችም አሉ። ስትሄጂ የተጠቀምሽባቸውን ቱቦዎችና ዕቃዎች በሙሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ።

ሮዛሺያ መሆኑ ከተረጋገጠ ሕክምና አለው። የሚቀቡት ሜትሮኒዳዞል፣ አዘላይክ አሲድ 15 በመቶና አይቨርሜክቲን 1 በመቶ ናቸው። ሽፍታው ከበዛ ዶክሲሳይክሊን የሚዋጥ ይታዘዛል፣ ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም። ሁሉም በየፋርማሲው አይገኝም፣ ሐኪምሽ ያለውን አይቶ ይመርጣል። የከብት አይቨርሜክቲን እቀባለሁ እንዳትዪ። ለውጡ በሳምንት አይመጣም፣ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ስጪው። ሮዛሺያ ተመልሶ የሚመጣ በሽታ ስለሆነ ግባችን ለረጅም ጊዜ እንዲረጋ ማድረግ ነው፣ «ነቅዬ አጠፋለሁ» የሚልሽን አትመኚው። ከመድኃኒቱ እኩል የምቆጥረው ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌቱ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ብርድ ብርድ የሚልሽ የኛ ፀሐይ ከምታስቢው በላይ ትጎዳለች። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት፣ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ ምረጪ። ነጭ ጥሎ የሚያስጠላሽ ከሆነ የቆዳ ቀለም ያለው አለ፣ ለማዲያትም የተሻለ ነው።

እንግዲህ ሁሉ ተደርጎ፣ ስቴሮይዱ ተትቶ፣ ቢያንስ ለ4 ሳምንት ያህል አዲስ ሽፍታና መለብለብ ሳይኖር ቀረ እንበል። ያኔ መሣሪያ መጠቀም ከፈለግሽ የምፈቅድልሽ ለስላሳውን ሮለር ብቻ ነው። ጓ ሻው ይቅርብሽ። ጓ ሻ በቻይና ባህላዊ ሕክምና ጀርባን እስኪቀላ የሚፋቅበት ነው። ለፊት የሚሠራው ቀለል ያለ ቢሆንም ጠርዙ ጫናውን በጠባብ ቦታ ላይ ስለሚሰበስበው፣ እጅ ሳይታወቅ ይከብዳል፣ ቆዳውም ይጎተታል። ሮለር ቢያንስ ይሽከረከራል፣ ፍትጊያው ያንሳል። ጄድ ሆነ ኳርትዝ ወይም ብረት ለውጥ የለውም። ድንጋዩ የሚያወጣው የተለየ ኃይል የለም። ቁም ነገሩ ገጹ ሳይሰነጠቅ ለስላሳ መሆኑ፣ መታጠብ መቻሉና ቆዳሽን ሳይቆነጥጥ መሽከርከሩ ነው።

ስለ ፍሪዘሩ፦ አይሆንም። ቀዝቃዛ ነገር የሚለበልብ ፊትን ለጊዜው ያሳርፋል፣ እሱ እውነት ነው። በረዶ የሆነ ድንጋይ ግን ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል። ከዚያ ባሻገር ኃይለኛ ቅዝቃዜ ራሱ ሮዛሺያ የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች አሉ፣ ቆዳው ሲሞቅም ከበፊቱ ብሶ ሊግል ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ፣ ከታች በኩል፣ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ቀዝቀዝ ያለ እንጂ እጅ የሚያደነዝዝ እንዳይሆን። ሮለር ሳያስፈልግም በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ እውነቱን ለመናገር እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

መጀመሪያ የምትሞክሪው በአንድ ጉንጭ ጠርዝ፣ ጆሮሽ አጠገብ፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ሁለት ቀን ጠብቂ። ምንም ካላለሽ ሙሉ ፊት ላይ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ፣ በሳምንት ሁለቴ ቢበዛ። የሮለሩ የራሱ ክብደት ይበቃል፣ አትጫኚ። ከአፍንጫ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ አንገት ቀስ ብለሽ ውሰጂ እንጂ አንድ ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ አታመላልሺ። ሽፍታ ያለበትን፣ የደም ስር የሚታይበትንና ዓይን ዙሪያውን ዝለይ። በደረቅ ቆዳ ላይ በፍጹም አይሆንም። ሽታ የሌለው ተራ ሞይስቸራይዘር ወይም ስስ ቫዝሊን ተቀቢ። እዚህ ላይ ብዙ ሴቶች የሚሳሳቱት በዘይቱ ነው። ሚንት፣ ባሕር ዛፍ፣ ካምፎር፣ ሜንቶል፣ ቲ ትሪ ያለበት ዘይት ለሮዛሺያ ቆዳ እሳት ነው። የወይራ ዘይትም ተፈጥሯዊ ስለሆነ ደግ ይመስላል፣ ግን የቆዳውን ሽፋን ያዳክማል። ጥቁር አዝሙድ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብል ፊትሽ አጠገብ አይድረሱ።

ሰዓቱም ይወስናል። እንጀራ ጋግረሽ፣ ፀሐይ መትቶሽ፣ ስፖርት ሠርተሽ፣ በሙቅ ውሃ ታጥበሽ ወይም ቡና ጠጥተሽ ፊትሽ ሞቅ ባለበት ሰዓት አትጀምሪ፣ እስኪበርድ ጠብቂ። ማታ የምትቀቢው መድኃኒት ካለ መድኃኒቱን ቀብተሽ በላዩ አትሺ፣ ወደማይፈለግበት ቦታ ይሄዳል፣ ማቃጠሉም ይጨምራል። መሣሪያውን ከመጠቀምሽ በፊትም በኋላም በሳሙናና ውሃ እጠቢውና አድርቂው። በአልኮል የምትጠርጊው ከሆነ ሙሉ በሙሉ ተንኖ ይድረቅ፣ የአልኮል ርዝራዥ ፊትሽን ያቃጥለዋል። ማሸቱን ካቆምሽ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ካልለቀቀሽ ሙከራው አልቋል፣ ሮለሩን ለእጅሽና ለአንገትሽ ተጠቀሚበት።

ሌሎቹን መሣሪያዎች በአጭሩ ልለፋቸው። መርፌ ያለው ደርማ ሮለር በቤት ውስጥ በፍጹም አይደረግም፣ ሮዛሺያ ለሌለበትም ቢሆን ጀርም ሊያስገባ፣ ጥቁር ጠባሳና ኬሎይድ (እያበጠ የሚያድግ ጠባሳ) ሊያመጣ ይችላል። የፊት ቀዳዳ የሚስብ ቫኪዩም የደም ስር ይበጥሳል። የሚሽከረከር የፊት ብሩሽ፣ የሚርገበገብ የጡንቻ ማሻ፣ ሙቀት የሚሰጥ ማንኛውም ነገር ይቅር። ማይክሮከረንት የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚሠራው የልብ ምት ማስተካከያ ላለበት፣ ለነፍሰ ጡርና የሚጥል በሽታ ላለበት አይሆንም፣ ላንቺም አልመክረውም። ውበት ሳሎን ፌሻል የምትሠሪ ከሆነ ገና ስትቀመጪ «ሮዛሺያ አለብኝ፣ ስቲም አልፈልግም፣ ስክረብም አልፈልግም» በይ። ይሉኝታ ይዞሽ ዝም ካልሽ የምትታመሚው አንቺ ነሽ።

ከማሸት ምን ትጠብቂያለሽ የሚለውም ይታወቅ። ጠዋት ላይ ያበጠ ፊት ለጥቂት ሰዓት ይቀልለዋል፣ ሰውነት ዘና ይላል። ከዚያ አያልፍም። በድሮ ጊዜ ፊታቸው በሮዛሺያ ለሚያብጥ ሰዎች በጣት ቀስ ብሎ ማሸትን የሚመክሩ ሐኪሞች ነበሩ። ዛሬም ዘላቂ እብጠት ላለባቸው ጥቂት ታካሚዎች የሰለጠነ ባለሙያ በጣም በቀላል እጅ የሊምፍ ማሸት ሊያደርግላቸው ይችላል። ያ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ የሚደረግ ነው፣ በቪዲዮ ታይቶ የሚሞከር አይደለም።

ዓይንሽን ደግሞ አትርሺ። አሸዋ የገባበት ያህል ከቆረቆረሽ፣ ከደረቀ፣ ከቀላ፣ የዓይንሽ ቆብ ጠርዝ ከተቆጣ ሮዛሺያው ዓይን ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ዓይንሽን ካመመሽ፣ ብርሃን ካስቸገረሽ ወይም እይታሽ ከደበዘዘ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ዓይን ሐኪም ጋ ሂጂ።

ስለ እህትሽ፦ ሮዛሺያ አይተላለፍባትም። ዕቃውን ግን አትጋሩ። ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች የሚመጣው በቫይረስ ነው፣ በሮለር ከአንዳችሁ ወደ ሌላችሁ፣ ወይም ከከንፈር ወደ ዓይን ሊሄድ ይችላል። መግል የያዘ ብጉር ካለም ጀርሙ እንደዚያው ነው። እሷ ሮዛሺያ ከሌለባትና ቆዳዋ ከተስማማው ሁለቱንም ዕቃ ደህና አድርገሽ አጥበሽ ስጫት። አንቺ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂጂ።